ፖስታው ከምዕራፍ 12 በፊት ይታሸግ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱን ስድስት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚያጠነጥኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የቆየ የመርማሪ ልብወለድን በቡድን ማንበብ ነው። በሚጠቀሰው መጽሐፍ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ በዚህ ዓምድ አልጻፍንም። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያሉ ጥቂት ፍንጮች ግን ተነስተዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ብሎክ የምንኖር ስምንት ጎረቤታሞች ነን። ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ የታክሲ ሰልፍና የውሃ መጥፋት ሆነብን። እስቲ አንድ መጽሐፍ አብረን እናንብብ ተባባልን። ያለን የአርተር ኮናን ዶይል «የባስከርቪሎች ውሻ» ነው፤ እሱም እንግሊዝኛው፣ እሱም አንድ ቅጂ። ለጀማሪ ይሆናል? ከየት እንጀምር? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ የተመቸ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው «ስትራንድ» በተባለ የለንደን ወርኃዊ መጽሔት ሲሆን ከነሐሴ 1901 እስከ ሚያዝያ 1902 እ.ኤ.አ. በ9 እትም ተከታትሎ ታተመ። የዚያን ጊዜ አንባቢ አንዱን ክፍል ጨርሶ ወር ሙሉ እያሰላሰለ የሚቀጥለውን ይጠብቅ ነበር። ታሪኩ ለማቆምና ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ በየሳምንቱ ለሚገናኝ ቡድን እንደ ልክ ልብስ ነው።

መጠኑም አያስፈራም። ምዕራፎቹ 15 ናቸው፤ ቃላቱ ወደ 60 ሺህ ይጠጋሉ። በደቂቃ 150 ቃል ያህል ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ሰው ጠቅላላውን በ7 ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። በአንድ ቀን 45 ደቂቃ ብታነቡ በ9 ሳምንት ያልቃል ማለት ነው።

የአንድ ቅጂውን ችግር ፎቶ ኮፒ ይፈታዋል። ኮናን ዶይል ያረፈው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ድርሰት ማባዛት አያስጠይቅም። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው ድረ ገጽም በነጻ ያቀርበዋል። በሰው የተሠራ የአማርኛ ትርጉም ግን የራሱ ባለመብት አለው። ትርጉም ካገኛችሁ ግዙት እንጂ አታባዙት።

መጽሐፉ 200 ገጽ ቢሆን፣ በኤ ፎር ወረቀት በአንድ ፊት ሁለት ገጽ፣ ፊትና ጀርባ ሲባዛ ለአንድ ሰው 50 ቅጠል ይወጣዋል። ለስምንት ሰው 400 ቅጠል ነው፤ 500 ቅጠል ከሚይዘው አንድ እሽግ ይተርፋል። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ግን በአንድ ፊት አንድ ገጽ አድርጉላቸው። አሁን ዋናው ነገር፣ የተባዛውን በአንድ ጊዜ አታድሉት። በ9 ጥራዝ ከፋፍላችሁ በየስብሰባው መጨረሻ የሚቀጥለውን ብቻ ስጡ። ማንም ሰው ከሌላው አንድ ገጽ እንኳ የሚቀድምበት መንገድ ከሌለ የቡድን ንባብ ግማሽ ችግር ተወገደ።

አከፋፈሉን እንዲህ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ምዕራፍ 1 እና 2፣ በሁለተኛው 3 እና 4፣ በሦስተኛው 5 እና 6። ምዕራፍ 7 ብቻውን ይነበብ፤ አዳዲስ ሰዎችና ቦታዎች የሚጎርፉበት ስለሆነ ከሌላ ጋር ሲደራረብ ስም ይምታታል። ከዚያ 8 እና 9፣ ቀጥሎ 10 እና 11፣ ከዚያ 12 ብቻውን፣ 13 ብቻውን፣ በመጨረሻ 14 እና 15። ምዕራፍ 2 የሚያበቃበት የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በመርማሪ ልብወለድ ታሪክ ከታወቁት አንዱ ነው። እሱ እንደተነበበ ወረቀቱን ክደኑት፤ ማንም ምንም አይጨምር።

ግምት የሚሰበሰብበት ቀን ላይ ብዙ ቡድን ይሳሳታል። «የመርማሪ ታሪክ አይደል፣ ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው» ብለው እስከ ምዕራፍ 14 ይጠብቃሉ። በዚህ መጽሐፍ ግን መርማሪው ሸርሎክ ሆልምስ የወንጀለኛውን ስም የሚናገረው ምዕራፍ 12 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ «ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «በምን ማስረጃ ይያዛል?» ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግምቱን ጽፎ የሚያስገባበት ፖስታ የሚታሸገው ስድስተኛው ስብሰባ ላይ፣ የምዕራፍ 12 ጥራዝ ከመታደሉ በፊት ነው። ያውም ከምዕራፍ 11 የመጨረሻዎቹን መስመሮች አስቀሩ። የሆልምስ ጓደኛና የታሪኩ ተራኪ ዶክተር ዋትሰን በድንጋይ ጎጆው ውስጥ አድፍጦ ሲጠብቅ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጥላ በበሩ ላይ ይወድቃል። እዚያ ላይ ቁሙ። «የጥላው ባለቤት ማን ነው?» የሚለውም በፖስታው ውስጥ ይመለስ።

የስብሰባውን ሰዓት የቡናው ሥርዓት ራሱ ያስይዝላችኋል። ቡናው እየተቆላ ሳለ ያለፈውን ማስታወስ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። አቦል ተጠጥቶ ንባብ። ቶና ላይ ውይይት። በረካ ላይ እያንዳንዱ በዚያ ቀን ማንን እንደሚጠረጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ጥራዙ ይታደላል። ሙቀጫው በንባብ ሰዓት እንዳይወቀጥ ብቻ ተጠንቀቁ፤ አንድ ያመለጠ መስመር ፍንጭ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቢሆን መብራት ቢጠፋም በቀን ብርሃን ይነበባል፤ ከመሃል ከተማ የሚመለስም ሰው ይደርሳል። በሥራ ቀን ማታ ማድረግ ግን አይበጅም፤ ከሰርቪስ የወረደ ሰው በሦስተኛው ገጽ ያንቀላፋል። የብሎካችሁ ሳሎን ከጠበበ ኮሚናሉን ጠይቁ፤ ዕድሩ የማይሰበሰብበትን ቀን መርጣችሁ።

ሁለት ሰው ኃላፊነት ይውሰድ። አንዱ መጽሐፉን ቀድሞ የጨረሰ «ቁልፍ ያዥ» ነው፤ የማቆሚያውን ቦታ ያውቃል፣ ጥራዙን ያድላል፣ ፖስታዎቹን ያስቀምጣል፣ ራሱ አይገምትም። ሌላው መዝገብ ያዥ ነው። ንባቡ ራሱ በየተራ ይሁን፤ አንድ ሰው ከ10 ደቂቃ በላይ ካነበበ ድምፁም የሰሚውም ጆሮ ይደክማል።

ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። ምዕራፍ 1 የሚከፈተው እንግዳ ረስቶት በሄደ ከዘራ ነው። በከዘራው ላይ «ለጄምስ ሞርቲመር፣ ከሲ.ሲ.ኤች. ወዳጆቹ» የሚል ጽሑፍና 1884 የሚል ዓመት አለ፤ ጫፉ ክፉኛ ተበልቷል፤ መሃሉ ላይ የውሻ ጥርስ ምልክት ይታያል። ዋትሰን ፊደሎቹን የአዳኞች ማኅበር ስም አድርጎ ያነባቸዋል፤ ሆልምስ ደግሞ የቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ነው ይላል። ይህን ከማንበባችሁ በፊት ከሰፈራችሁ አንድ ሽማግሌ ያረጀ ከዘራቸውን ተዋሱና በየእጁ አዙሩት። ጫፉ በየትኛው በኩል አለቀ? መጨበጫው የወዛው ለቀኝ እጅ ነው ለግራ? እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ያየውን እንጂ የገመተውን አይደለም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምዕራፉን የሚያነብ ሰው ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከመሃላችን አንዱ ፊልሙን አይቶታል። በሦስተኛው ሳምንት «እሱማ አይደለም» ብሎ አመለጠው። ከቡድኑ እናስወጣው? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ አታስወጡት። የሚያውቅ ሰው ከተገማቾች መሃል ሲቀመጥ ነው ችግር የሚሆነው። ለቁልፍ ያዡ ረዳት አድርጉትና የእናንተው ሥራ ፈጻሚ ይሁን፤ ጥራዝ ያባዛ፣ ሰዓት ይጠብቅ፣ ካርታ ይሳል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ሳይናገርም ፊቱ ይናገራል፤ ተጠርጣሪው ሲጠራ ፈገግ ይላል፣ የተሳሳተ ግምት ሲሰማ ጣራ ጣራ ያያል። ስለዚህ ቁልፍ ያዡም ረዳቱም ከሚያነበው ሰው ጀርባ ይቀመጡ፤ ሰው የሚያየው አንባቢውን ነው።

እሱ ያመለጠው ቃል አንድን ሰው ከጥርጣሬ ነጻ አውጥቷል እንጂ ማንንም አልጠቆመም። በመዝገቡ ላይ «ከመጽሐፉ ያልተገኘ» ተብሎ ይጻፍና በግምት ላይ እንደ ማስረጃ እንዳይቆጠር ተስማሙ።

ሌሎች የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች አሉ። የመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን አንዱ ነው። በምሁራን መቅድም የታተሙ ቅጂዎችም አሉ፤ መቅድሙ አንባቢው ታሪኩን ያውቃል ብሎ ስለሚጻፍ መጨረሻውን በሁለተኛው ገጽ ያወጣዋል። መቅድሙን አታባዙት። ስልክ ላይ የገጸ ባሕርይ ስም መፈለግም እንደዚያው ነው፤ ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ ከሥሩ የሚመጣው ሐሳብ ምስጢሩን ይነግረዋል። የማይገባ ቃል ያጋጠመው ሰው ቁልፍ ያዡን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከአምስታችን ሁለቱ እንግሊዝኛ አይከብዳቸውም። እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ግን በአማርኛ ካልተነገራቸው አይከተሉም። እነሱን ትቶ መቀጠል አንጀቴ አልቻለም። ምን ይሻላል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ እናትዎን አይተዉ። እንዲያውም በጆሮ የሚሰማ ሰው በዓይኑ ከሚሮጠው ይልቅ ፍንጭ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ተረትና እንቆቅልሽ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ቃል አይጥልም።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንዱ ወደ አንድ ገጽ ያህል በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ሌላው በአማርኛ ይተርካል። ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን በአንድ ስብሰባ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያዙ፤ መጽሐፉ በ15 ሳምንት ያልቃል። ተራኪው ቃል በቃል ለመተርጎም አይድከም፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ይናገር።

ግን የመርማሪ ልብወለድ ከሌላው የሚለይበት ቦታ አለ። አንዳንድ ዓረፍተ ነገር በጥቅሉ ሲነገር ፍንጩ ይጠፋል። «ደብዳቤ መጣለት፣ አስፈራሩት» ተብሎ ቢታለፍ ምዕራፍ 4 ባዶ ቀረ። ለወራሹ ለሰር ሄንሪ የመጣው ደብዳቤ «ሕይወትህን ወይም አእምሮህን የምትወድ ከሆነ ከሙሩ ራቅ» የሚል ነው። ቃላቱ በትንሽ መቀስ ከ«ታይምስ» ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ እየተቆረጡ ተለጥፈዋል፤ «ሙር» የሚለው ቃል ብቻ በቀለም በእጅ ተጽፏል። ለምን አንዷ ብቻ? ይህን እንደ እንቆቅልሽ ጠይቁበት። ምን አውቅልሽ ተባብላችሁ፣ ካቃታችሁ አገር ስጡና ቀጥሉ። ሆልምስ ያኔውኑ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ቁልፍ ያዡ በየምዕራፉ አሥር ዓረፍተ ነገሮችን አስቀድሞ መርጦ በትክክል ተርጉሞ ይምጣ። አሥሩም ፍንጭ መሆን የለባቸውም፤ ይህ ቁም ነገር ነው። ፍንጩ ላይ ብቻ ቀስ የሚል ተራኪ ሳያውቀው ጣቱን እየቀሰረ ነው፤ ሰሚዎች በሁለተኛው ሳምንት ይነቁበታል። ሦስቱ ወይም አራቱ ፍንጭ ቢሆኑ ሌሎቹ የአየሩ፣ የመልኩ፣ የምግቡ ነገር ይሁኑ።

ስለ ቃላት ጠይቀው ባይሆንም «ሙር» የሚለውን እንግለጽ፤ መጽሐፉ ያለ እሱ አይገባም። ዛፍ የሌለው፣ ከፍ ያለ፣ ጭጋግ የሚወርድበት፣ ውሃ የሚቋጥር ሰፊ መሬት ነው። ታሪኩ የተፈጸመበት ዳርትሙር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዴቨን ውስጥ ይገኛል። በክረምት ማለዳ የሱሉልታን ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ጭጋግ ለብሶ ያየ ሰው ግማሹን አይቶታል፤ በላዩ ላይ የቋጥኝ ክምር ይጨምሩበት። በመሃሉ ያለው የግሪምፐን ረግረግ ደግሞ ማጥ ነው፤ ፈረስ ይውጣል። ሌሊት የጅብ ድምፅ እየሰማ ላደገ ሰው ከሩቅ የሚመጣው ጩኸት ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም።

ቤትዎ ቆርቆሮ ከሆነ ንባቡን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አያድርጉት፤ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ የአንባቢው ድምፅ ሦስተኛው ሰው ጋ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን፤ ሰባት ነን። ውይይታችን ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል። ሁሉም «ወንጀለኛው በጭራሽ የማይጠረጠረው ነው» ይላል። ማስረጃ የሚያመጣ የለም። እንዴት እናድርግ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ «የማይጠረጠረው ነው» የሚለው ግምት ስለ መጽሐፉ ምንም አይናገርም፤ ስለ ደራሲዎች ልማድ ነው የሚናገረው። መድኃኒቱ መዝገብ ነው። አንድ ባለ መስመር ደብተር ውሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ሁለት ገጽ ስጡት። ገጹን በአምስት ክፈሉት። ምን ተባለ፣ ማን አለው፣ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ የስሚ ስሚ፣ ሰውዬው ምን ይጠቀማል፣ በስንተኛው ምዕራፍ። የገጽ ቁጥር አትጻፉ፤ ቅጂ ከቅጂ ገጹ ይለያያል። ምዕራፍና አንቀጽ ይበቃል።

ከአምስቱ ትልቁ ሦስተኛው ነው። ሁለት ምሳሌ እንይ። አሟሟቱ የሚመረመረው ባለርስት ሰር ቻርልስ ባስከርቪል የሞተው በእነሱ አቆጣጠር ግንቦት 4 ሌሊት ነው። ኮቴው ከአንድ ቦታ ጀምሮ ተለውጧል፤ የጣቱ ምልክት ብቻ ይታያል። «ከዚያ በኋላ በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄደ» ይባላል። ያየውና የተባለው ተቀላቀሉ። የታየው የጣት ምልክት ነው፤ «ሄደ» የሚለው የሰው አስተያየት ነው። ሆልምስ ይህንኑ ምልክት ይዞ ሌላ ነገር ያነባል፦ ሰውዬው ነፍሱን ለማዳን ይሮጥ ነበር። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ግሱ ነው። መዝገባችሁ ላይ «የጣት ምልክት» ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበረ ከሆልምስ እኩል ደረሳችሁ፤ «በጣቱ ሄደ» ብላችሁ ከሆነ መንገዱ ተዘጋባችሁ።

ሁለተኛው ቴሌግራሙ ነው። ሆልምስ የባስከርቪል ቤት አሽከር ባሪሞር ለንደን ይሁን ዴቨን ለማረጋገጥ ቴሌግራም ይልካል፤ ለራሱ ለባሪሞር እጅ በእጅ እንዲሰጥ ያዛል። ምዕራፍ 5 ላይ ባሪሞር ቤቱ እንዳለ መልስ ይመጣል፤ ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ስሙን ይሰርዛል። ምዕራፍ 7 ላይ ግን ዋትሰን ፖስታ ቤቱን ሲጠይቅ ቴሌግራሙን የተቀበለችው ሚስትየዋ ናት። ባሪሞርን ማንም በዓይኑ አላየውም። በመዝገባችሁ ሦስተኛ ክፍል ላይ «የስሚ ስሚ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሳይሰረዝ ይቆይ ነበር። ይህ ባሪሞርን ወንጀለኛ አያደርገውም፤ ነጻ የሚያወጣው ነገር ግን የለም ማለት ነው።

የጥቅሙን ክፍልም በቁጥር ሙሉት፤ ምዕራፍ 5 ኑዛዜውን ያነባል። ባሪሞርና ሚስቱ እያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ፣ ዶክተር ሞርቲመር 1,000 ፓውንድ፣ ወራሹ ሰር ሄንሪ ደግሞ 740 ሺህ ፓውንድ። ሰር ሄንሪ ቢሞት ርስቱ ለማን እንደሚተላለፍ እዚያው ተጠይቆ ተመልሷል። ያን መስመር ያልጻፈ ቡድን ኋላ ይቆጨዋል።

ጭቅጭቁን ለማብረድ አያቶቻችን የሚያውቁት ሥርዓት አለ፤ አውጫጪኝ። አጥፊ ሲጠፋ መንደርተኛው ተሰብስቦ ሁሉም በየተራው ያውቀው እንደሆነ ይጠየቃል። ተራውን ውሰዱለት፤ አንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይናገር፣ ማንም አያቋርጠው፣ መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜ ትንሹ ወይም ዝምተኛው ይሁን። ስም እስኪወጣ ድረስ አለመበተኑን ግን አትውሰዱ። በአምስተኛው ሳምንት «አላውቅም» የሚል ሰው መዝገቡን በደንብ ያነበበ ሊሆን ይችላል።

ፖስታው ላይ የወንጀለኛው ስም ብቻ አይጻፍ። እንዴት እንዳደረገው በሁለት መስመር፣ ከዚያ ሁለት ማስረጃ ከነምዕራፉ፣ ቀንና ፊርማ። ነጥቡንም አመዛዝኑት፤ ትክክለኛ ስም አንድ ነጥብ፣ እያንዳንዱ የሚያዛልቅ ማስረጃ ሁለት ሁለት። እንዲህ ሲሆን በዕድል ስሙን ያገኘ ሰው ተሳስቶም በደንብ ያሰበውን አያሸንፈውም። ፖስታው የሚከፈተው ምዕራፍ 12 በተነበበበት ቀን ነው፤ ማስረጃዎቹ ግን የሚታረሙት ምዕራፍ 15 ካለቀ በኋላ ነው። ሆልምስ ሁሉንም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያብራራው እዚያ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ በደንብ ጀምረን ነበር። ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ ሰው እየቀረ ሄደ፤ አሁን ሦስት ቀረን። መጽሐፉ ነው ወይስ እኛ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ሁለቱም። ከምዕራፍ 6 ጀምሮ ሆልምስ ከታሪኩ ይወጣል፤ ዋትሰን ብቻውን ይቀራል። ምዕራፍ 8 እና 9 በጥቅምት 13 እና 15 የተጻፉ የዋትሰን ሪፖርቶች ናቸው፤ 10 ደግሞ ማስታወሻ ደብተሩ። ሆልምስን ሊሰማ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። ሌላው ምክንያት የእናንተ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው በቀረ ቁጥር ያለፈው ሁሉ እንደገና ይተረካል፣ የመጣው ሰው ይሰለችና በሚቀጥለው ሳምንት እሱም ይቀራል። ለቀረ ሰው ታሪኩን አትድገሙለት፤ መዝገቡን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያንብብ።

ለመሃሉ ክፍል ሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው ካርታ ነው። ሆልምስ ምዕራፍ 3 ላይ የአካባቢውን ካርታ ዘርግቶ ያሳያል፤ በእሱ መሠረት በትልቅ ወረቀት ሣሉት። መሃል ላይ የባስከርቪል ቤት፣ የግሪምፐን መንደር፣ የፍራንክላንድ መኖሪያ ላፍተር ሆል፣ የስቴፕልተኖች ሜሪፒት ሃውስ፣ ማጡ፣ የፕሪንስታውን ወህኒ ቤት። ወህኒ ቤቱ 14 ማይል፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከመሃል አዲስ አበባ እናንተ ድረስ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል። ያን በእግር፣ በሌሊት፣ በጭጋግ ብላችሁ አስቡት። እያንዳንዱ ሰው የት እንዳደረ በባቄላ ወይም በጠርሙስ ክዳን እያስቀመጣችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ተጠርጣሪ ስጡትና ጠበቃው ይሁን። ተጠርጣሪው በተጠራ ቁጥር ተነስቶ ይከራከርለታል። ደንበኛ ያለው ሰው አይቀርም። አሁን ሦስት ከሆናችሁም ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ተጠርጣሪ ይደርሳችኋል፤ ይበቃል። የቀሩት ሲመለሱ ከምዕራፍ 10 ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ «የባስከርቪሎች ውሻ»ን ጨርሰናል። የሚቀጥለው ምን ይሁን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሆልምስ የሚያውቀውን ሁሉ ለአንባቢ አይነግርም፤ ይህንን ሳታዩት አልቀራችሁም። ለአንባቢውም ለመርማሪውም እኩል ፍንጭ መስጠት ደንብ ሆኖ የጠነከረው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 አሥር ደንቦች ጻፈ፤ ምስጢሩ በመንፈስ ወይም በተአምር አይፈታ፣ ከአንድ በላይ ስውር መተላለፊያ አይኑር፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ ይላል። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ከዚያ ዘመን ውሰዱ።

የአጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» (1926) ድንቅ ነው፤ ለቡድን ግን አደገኛ። መጽሐፉ የቆመው አንባቢው አንድ ነገር ባለማወቁ ላይ ስለሆነ ከቡድኑ አንድ ሰው ያን ከሰማ የሚተርፍ ነገር የለም። «ግድያ በምሥራቃዊው ፈጣን ባቡር» (1934) በፊልም ብዙ ሰው ስላየው አስቀድማችሁ እጅ አስወጡ፤ ሁለት እጅ ከወጣ ተዉት። የዊልኪ ኮሊንስ «የጨረቃ ድንጋይ» (1868) በብዙ ተራኪዎች አፍ የሚነገር ስለሆነ ድምፅ እየቀያየሩ ለማንበብ ግሩም ነው፤ ርዝመቱ ግን ካነበባችሁት ሦስት እጥፍ ይሆናል። እሱን ለሦስተኛ መጽሐፍ አቆዩት።

እኛ የምንመርጥላችሁ ኤለሪ ኩዊን በሚል የብዕር ስም ሁለት ዘመዳሞች በ1929 ያወጡትን «የሮማኑ ባርኔጣ ምስጢር» ነው። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ደራሲዎቹ ራሳቸው ቆም ብለው ፍንጩ ሁሉ በእጅህ ነው፣ አሁን ፍታው ብለው አንባቢውን ይገጥሙታል። የማቆሚያውን ቦታ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ይህ መጽሐፍ ግን ገና ባለመብት ሊኖረው ስለሚችል አታባዙት፤ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ገዝታችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ቁልፍ ያዡ ከግጥሚያው ገጽ በኋላ ያሉትን ቅጠሎች በጠርዛቸው በወረቀት መያዣ ያስራቸው፤ ፖስታዎቹ ተሰብስበው እስኪያልቁ ማንም አይፍታቸው።